ስም የሌለው ፎቶግራፍ

በምሠራበት ባንክ መስኮት ስም የሌለው ፎቶግራፍ ዋጋ የለውም። ሒሳብ ሊከፍት የመጣ ገበሬ ጉርድ ፎቶግራፉን ሲያቀብለኝ፣ አስቀድሜ የምጠይቀው የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ነው። ተራ የመዝገብ ሕግ ነው፤ የዛሬው ክርክሬ ግን ከዚሁ ይነሣል።

ወዳጆቼ የጥንት ፈረንጆች ያነሷቸውን የመቅደላና የአክሱም ፎቶግራፎች ባዩ ቁጥር፣ «እነዚህ ሰዎች ባይደርሱልን ታሪካችን ጠፍቶ ነበር» ይላሉ። እኔ በዚህ ምስጋና አልተባበርም።

ነገሩ በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1855 ሊኒየስ ትራይፕ የተባለ የማድራስ ጦር መኮንን፣ ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር ወደ በርማ ንጉሥ ዘንድ ሲሄድ የቡድሃን ቤተ መቅደሶች አነሣ። ጉልላቱና ቅርጻቅርጹ ጥርት ብሎ ይታያል፤ የሚሳለመው ሕዝብ ግን እምብዛም የለም። የዚያ ዘመን ካሜራ የሚንቀሳቀስ ነገር መያዝ እንደሚቸግረው አውቃለሁ። ሆኖም ሰው የማይታይበት አገር ባለቤት የሌለው ይመስላል። በ1885 የበርማ ንጉሥ ተማርኮ መንግሥቱ አከተመ።

በ1868 ከህንድ ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው የእንግሊዝ ጦርም ከመሐንዲሶቹ መካከል ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት። ካሜራው ተራራውን አነሣ፤ ወታደሩ ታቦቱንና ብራናውን አነሣ። «ማንሣት» የሚለው ቃላችን ሁለቱንም ሥራ መሸከሙ በከንቱ ነውን? ሰባት ዓመት የሆነው ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት ቀርቦ ተነሣ። ምስሉ ውብ ነው። ልጁ ግን በ1879 በባዕድ አገር ሞተ፤ አጽሙም ዛሬ ድረስ ዊንዘር ነው።

«የጀርመኖቹስ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ በ1906 በኤኖ ሊትማን መሪነት አክሱም የገቡት ሊቃውንት ጦር አልመዘዙም። ኢጣልያኖች በ1937 የወሰዱት ሐውልት ከዚያ በፊት ተሰባብሮ በቦታው መጋደሙን በፎቶግራፍና በልኬት መዝግበዋል። ሐውልቱ በ2005 ተመልሶ በ2008 ዳግም ተተክሏል። ይህን ውለታ አልክድም። ነገር ግን በእነዚያ ፎቶግራፎች ከድንጋዩ ሥር የቆመው ሰው ማን ነው? የሐውልቱ ቁመት በሜትር ተጽፎለታል፤ ሰውየው የቁመቱ ማነጻጸሪያ ሆኖ ቀረ።

ከጎንደር ወደ አክሱም የሚወስደው መንገድ ሊማሊሞን ወርዶ በእኛ በዛሪማ ያልፋል። በልጅነቴ በዚህ መንገድ ያለፈ አንድ ፈረንጅ አያቴን እንስራዋን እንዳዘለች አነሣት። ስሟን አልጠየቃትም። አያቴ ሌላ ፎቶግራፍ ሳይኖራት አረፈች። ምስሏ በማላውቀው አገር፣ በማላውቀው ሰው መሳቢያ ውስጥ፣ ምናልባት «የስሜን ሴት» ተብሎ ተቀምጧል።

ስለዚህ እናንተ አመስጋኞች ሆይ፣ ምስጋናችሁን ጥቂት አቆዩትና ስም ጠይቁ። ፎቶግራፎቹን የያዙ ቤተ መዛግብት ቅጂውን ወደተነሣበት መንደር ይላኩ፤ አረጋውያን ይዩት፤ ቅድመ አያቱን የሚለይ ይናገር፣ ጸሐፊም ይጻፍ። እኛም ብንሆን በእጅ ስልካችን መነኩሴና እረኛ ስናነሣ ስማቸውን እንጠይቅ፤ አለዚያ ከፈረንጁ በምን እንሻላለን?

የአያቴን ስም እኔ አውቀዋለሁ፤ የጎደለኝ መልኳ ነው። መልኳን የያዘው ሰው ደግሞ ስሟን አያውቅም።