ካርድ ያስቀረችው አንዲት ቃል

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። የዳታቤዝን ስም ግን የሚያወጣው ለርክክብ የተጣደፈ ባለሙያ ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ ሌላ ሰው ነው።

ነቀምቴ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የሴሚስተር ካርድ ሊያትም ሲል ፕሮግራሙ እምቢ አለ። ከአርጆና ከሲሬ የመጡ ወላጆች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ለጥገና የተጠራው ወዳጄ እንደነገረኝ፣ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሰርቨሩ ከማይኤስኪውኤል 5.7 ወደ 8.0 አድጓል። የተማሪው ደረጃ የሚቀመጥበት ዓምድ ስሙ በእንግሊዝኛ «ራንክ» ነው። ይህ ቃል በ5.7 ነፃ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 8.0 ግን ዳታቤዙ ለራሱ ትእዛዝ ያዘው። ስለዚህ ቃሉን ሲያይ እንደ ዓምድ ስም አልቆጠረውም፤ ስህተት ብሎ ቆመ።

«ኦርደር» እና «ግሩፕ» ደግሞ ከጥንትም የተያዙ ናቸው። በጥቅስ ምልክት ከከበባችኋቸው ይሠራሉ፤ ብዙዎችም በዚህ ይጽናናሉ። ችግሩ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ባለሙያ ሁሉ ጥቅሱን አንድም ጊዜ መርሳት የለበትም። ፖስትግሬስ ላይ ሰንጠረዡን በጥቅስ «ዩዘር» ብላችሁ ሰይሙትና ሌላው ጥቅሱን ይርሳው፤ የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር ሲጠብቅ ዳታቤዙን የከፈተበትን አካውንት ስም ብቻ ያገኛል። ስህተት የሚል መልእክት እንኳ አይመጣለትም። ከሚቆም ፕሮግራም ይልቅ እንዲህ ዝም ብሎ የሚያሳስት ይከፋል።

እኔ የምለው፣ ወለጋ ውስጥ ለሚሠራ ባለሙያ መውጫው ቅርብ ነው። የተያዙት ቃላት እንግሊዝኛ ናቸው፤ ቁቤ ደግሞ በላቲን ፊደል ይጻፋል። «ራንክ» በማለት ፈንታ «ሰደርካ»፣ «ግሩፕ» በማለት ፈንታ «ገሬ» ቢባል ዳታቤዙ ምንም አይልም፤ መዝገብ ቤት ያለችውም ሠራተኛ ይገባታል። ነገ የሚረከበው ሰው ኦሮምኛ ላያውቅ ይችላል የሚል ስጋት ካለ፣ በእንግሊዝኛ «ስቱደንት» እና «ራንክ»ን በሥር ሰረዝ አያይዞ አንድ ስም ማድረግ ይበቃል።

ለገዢዎችም አንድ ቃል። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክም ሆነ ማዘጋጃ ቤት ሶፍትዌር ሲረከብ የሚያየው የስክሪኑን ውበት ነው። የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የሰንጠረዦቹንና የዓምዶቹን ስም ዝርዝር ጠይቁ። የተያዙት ቃላት በየዳታቤዙ መመሪያ ላይ ታትመዋል። ሁለቱን ዝርዝሮች ማስተያየት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ካርድ ሳይዙ የተመለሱትን ወላጆች ግን የአንድ ቀን መንገድ አስከፍሏቸዋል።