የሠርጋችሁ ፊልም ሁለተኛ ቅጂ የት ነው?

ባለፈው ክረምት ቤታችን ውስጥ አንዲት ትንሽ ሃርድ ዲስክ ከጠረጴዛ ላይ ወደቀች። ስንሰካት “ጠቅ፣ ጠቅ” ከማለት በቀር ምንም አላሳየችንም። በውስጧ የሠርጋችን ፊልም ነበረ፤ ዛሬ በሕይወት የሌሉት አማቴ ቆመው ሲመርቁን የሚታይበት ብቸኛው ቅጂ። ልጆቻችን የአያታቸውን ድምፅ የሚያውቁት ከዚያ ነው። ጠጋኙ ብዙ ሞክሮ አልሆነለትም። “ሌላ ቅጂ የላችሁም?” ሲለን ከባለቤቴ ጋር ተያየን። እያንዳንዳችን ሌላው ያስቀመጠ መስሎን ነበር።

ከዚህ በኋላ የቤቱን ፎቶና ፊልም ሁሉ ሰብስቦ የሚይዝ፣ በቴሌቪዥንም የሚያሳየን ኮምፒውተር፣ ባለሙያዎች “ሰርቨር” የሚሉትን፣ ለመግዛት ተስማማን። ባለቤቴ አዲስና ፈጣን ፈለገ። እኔ ደግሞ “እሱን ከገዛን ለሁለተኛ ዲስክ አይተርፈንም” አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ሾላ ገበያ ቅቤ ገዝተን ወደ መገናኛ የኮምፒውተር ሱቆች አመራን። ሾላ ላይ ቅቤ በመልኩ ብቻ አይገዛም፤ ቆንጠር አድርገው ያሸቱታል። ያገለገለ ዕቃም እንዲሁ መፈተን አለበት።

ፎቶ ማስቀመጥና ፊልም ማሳየት ከባድ ሥራ ስላልሆነ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ኮምፒውተር ይበቃል። 8 ጊጋባይት ራም ያለው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው 6ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 5 ወይም ከዚያ ወዲህ ያለው ይሁን። የዛሬ ስልኮች ብዙዎቹ የሚቀርጹበት ኤች 265 የተባለው የቪዲዮ ዓይነት ከዚያ ለቆየ ፕሮሰሰር ይከብደዋል።

እኛ የመረጥነው ላፕቶፕ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ባትሪው ይይዘዋል። ትንንሾቹ ዲስኮችም ኃይል የሚያገኙት በዩኤስቢ ገመዳቸው ከላፕቶፑ ስለሆነ አብረው ይተርፋሉ። የራሳቸው አዳፕተር ያላቸው ትልልቆቹ ግን በሥራ ላይ እንዳሉ ይቋረጣሉ። ባትሪው ያበጠ ላፕቶፕ ግን አትግዙ።

መጠኑስ? አንድ ፎቶ 5 ሜጋባይት ቢሆን 1 ቴራባይት ዲስክ 200,000 ያህል ይይዛል። በተቻለ መጠን ዲስኩን አዲስ ግዙ። አቅም ካልፈቀደ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ሱቁ ውስጥ አስፈትሹ፤ ዲስኩ የሠራበትን ሰዓት ያሳያል። ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። ሻጩ “ብዙም አልሠራም” እያላችሁ 30,000 ሰዓት ካያችሁ፣ ከሦስት ዓመት በላይ ሌት ተቀን ደክሟል ማለት ነው። ቢጫ ወይም ቀይ ምልክት ካሳየ ጥላችሁ ሂዱ።

ፊልሙን ወደ ቴሌቪዥን ለመላክ ጄሊፊን የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ። ኢንተርኔት ባይኖርም በቤቱ ዋይፋይ ይሠራል።

ዋናው ነገር ግን ሁለተኛው ዲስክ ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ ላይ ተሰክተው ከዋሉ ሌባም፣ እሳትም፣ ቫይረስም አብረው ያገኟቸዋል። የእኛ አንዱ ከላፕቶፑ ጋር ይኖራል፤ ሌላው በወር አንድ ጊዜ ተገልብጦበት ወደ እህቴ ቤት ይመለሳል። ከመመለሱ በፊት ጥቂት ፋይሎች ከፍተን እናያለን፤ ያልተከፈተ ቅጂ አይታመንምና። መገልበጡ የባለቤቴ፣ ከፍቶ ማየቱ የእኔ ሥራ ነው። አሁን ማንም “ሌላው ያደረገው መስሎኝ” አይልም።

የአማቴን ምርቃት መልሰን አላገኘነውም። እናንተ ግን ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ተጠያየቁ፤ የሠርጋችን ፊልም ሁለተኛ ቅጂ የት ነው? መልሱ ዝምታ ከሆነ፣ ከኮምፒውተሩ በፊት ዲስኩን ግዙ።