«እማዬ፣ አሁንም ቢሮ ነሽ እንዴ?»

የዚህን ወር ጨዋታ የምጀምረው በራሴ ጥፋት ነው።

ጊዜው ያለፈው ዓመት ሰኔ ነው። ሰኔ በጀት የሚዘጋበት፣ ሪፖርት የሚጠናቀርበት፣ አለቃም ሠራተኛም የሚነጫነጭበት ወር መሆኑን ቢሮ የምትውሉ ሁሉ ታውቁታላችሁ። በየቀኑ ከመሸ በኋላ ሜክሲኮ ታክሲ ተሰልፌ ቤቴ እገባለሁ። እራት ይቀርባል፤ የሰባት ዓመቷ ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ የትምህርት ቤት ወሬዋን ትነግረኛለች። እኔም «እሺ»፣ «ጎበዝ»፣ «እውነትሽን ነው?» እያልኩ እጎርሳለሁ። ጆሮዬ እዚያው ነው፤ ልቤ ግን አልገጥም ያለውን የወጪ ሠንጠረዥ ያገላብጣል።

አንድ ረቡዕ ማታ «ዓርብ ጠዋት ግጥም አነባለሁ፤ ወላጆች እንዲመጡ ተብሏል» አለችኝ። «ጎበዝ፣ የኔ ቆንጆ» አልኳት። ዓርብ ግን አልተገኘሁም። ፈቃድ ተከልክዬ ወይም መንገድ ተዘግቶብኝ አልነበረም። መናገሯን ራሱ አላስታወስኩትም። ማታ ስገባ አኩርፋ ጠበቀችኝ። ምን ሆነሽ ነው ስላት «ነግሬሽ ነበር እኮ!» አለች። የምመልሰው ጠፍቶኝ ዝም ስል ፊቴን አየት አድርጋ «እማዬ፣ አሁንም ቢሮ ነሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ!

ያቺ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳችኝ። ባለቤቴ ሁልጊዜ «ሥራውን እዚያው ትተሽው ነይ» ይለኛል። ልክ ነው፤ ግን እንዴት? ሐሳብ እንደ ጃኬት ወንበር ላይ ተሰቅሎ አይቀርም። ታክሲው ውስጥም፣ ማዕዱም ላይ፣ አልጋውም ውስጥ አብሮን ይገባል። ለምን እንዲህ እንደሚሆንና ምን ማድረግ እንደሚቻል የተረዳሁት የሥነ ልቦና ጽሑፎችን ማገላበጥ ስጀምር ነው።

ያልተቋጨ ነገር ለምን ይከተለናል?

ነገሩ የሚጀምረው ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት በርሊን ከተማ ነው። እንደሚተረከው፣ የሥነ ልቦና ሊቁ ኩርት ሌዊንና ተማሪዎቹ ካፌ ቁጭ ብለው ሲጨዋወቱ አንድ ነገር ያስተውላሉ። አስተናጋጁ ገና ያልተከፈለበትን ትዕዛዝ ሁሉ አንድ በአንድ በቃሉ ይይዛል፤ ሂሳቡ ከተከፈለ በኋላ ሲጠየቅ ግን ማን ምን እንዳዘዘ ይጠፋዋል። ከተማሪዎቹ አንዷ ብሉማ ዘይጋርኒክ ይህን በሙከራ ፈተሸችው። ለሰዎች ሃያ ያህል ትናንሽ ሥራዎች ሰጠች። ግማሹን እንዲጨርሱ ተወቻቸው፤ ግማሹን መሃል ላይ አስቆመቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው ጥናት ሰዎቹ የተቋረጠባቸውን ሥራ ከጨረሱት በእጥፍ ገደማ አስታውሰውት ተገኙ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሙከራውን በኋላ የደገሙት ሁሉ ያንኑ ውጤት አላገኙም። ይበልጥ ጸንቶ የቆየው ባልደረባዋ ማሪያ ኦቭሲያንኪና በ1928 ያሳየችው ነው። ሰው የጀመረውን ሥራ ካቋረጡት፣ ማንም ሳያዘው፣ ሽልማትም ሳይጠብቅ፣ ዕድል ባገኘ ቁጥር ተመልሶ ሊጨርሰው ይሞክራል። የኔም ልብ በእራት ሰዓት ወደ ሠንጠረዡ የሚሮጠው ልጄን ስለማልወድ አይደለም። ያልተዘጋ ነገር ስላለው ነው።

ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ ደግሞ በ2009 ባወጣችው ጥናት፣ አንዱን ሥራ ሳንቋጭ ወደ ሌላው ስንሻገር ትኩረታችን በሙሉ አብሮን እንደማይሻገር አሳይታለች። ከፊሉ እዚያው ይቀራል፤ አዲሱን ሥራ የምንሠራው በተረፈን ነው። እሷ ያጠናችው ከሥራ ወደ ሥራ መሻገርን ነው። እኔ ግን ሳነበው የታየኝ ከቢሮ ወደ ቤት የምሻገርበት መንገድ ነው። ለካ ልጄን እያደመጥኳት የነበረው በትርፍራፊው ነው!

መጨረስ ብቻ አይደለም የሚያሳርፈው

«እንግዲያው ሁሉንም ጨርሼ ልግባ» እንዳትሉ፤ ሥራ አያልቅም። ደግነቱ ልባችን የሚፈልገው መጨረስን ብቻ አይደለም። ማሲካምፖ እና ባውማይስተር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2011 እንዳሳዩት፣ ያልተጨረሰ ጉዳይ ያለባቸው ሰዎች ልብ ወለድ ሲያነቡ ሐሳባቸው እየተበታተነ ተቸገሩ። ጉዳዩን መቼና እንዴት እንደሚያከናውኑት አስቀድመው ያቀዱት ግን፣ ሥራው ገና ሳይነካ፣ ረጋ ብለው አነበቡ።

በ2018 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ላይ 57 ወጣቶች ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደረገ። ግማሾቹ የጨረሱትን ሥራ፣ ግማሾቹ በሚቀጥሉት ቀናት የሚጠብቃቸውን። ቀሪ ሥራቸውን የጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዝርዝሩን በግልጽ በጻፉት መጠንም ቶሎ ተኙ።

የሰፈራችንን ባለ ሱቅ አስቡት። ማን ስንት ብር በዱቤ እንደወሰደ በቃሉ ቢይዝ ኖሮ ሌሊቱን ሲቆጥር ያድር ነበር። ደብተሩ ላይ ስላሰፈረው ግን ሱቁን ዘግቶ ይተኛል። ገንዘቡ ገና አልተከፈለውም፤ ቦታው ግን ይታወቃል።

ከመውጣታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ

እኔም የዱቤ ደብተር ገዛሁ። የምወጣው 11፡30 ስለሆነ 11፡20 ላይ የያዝኩትን አቆማለሁ።

መጀመሪያ፣ ያልተቋጨውን ሁሉ እጽፋለሁ። ትልቁንም ትንሹንም፤ ያልመለስኩትን ስልክ፣ ያልተፈረመውን ደብዳቤ፣ ከባልደረባዬ ጋር የተነጋገርኩትን ደስ የማይል ነገር ሳይቀር።

ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ጎን መቼ፣ የትና በምን እንደምጀምረው አሰፍራለሁ። ዋናው ነገር ይህ ነው። «ሪፖርት» ብሎ መጻፍ ልብን አያሳርፍም። «ነገ 2፡30፣ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ የግንቦትን ወጪ ከደረሰኞቹ ጋር አመሳክራለሁ» ሲባል ግን ያሳርፋል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር ለዓመታት ያጠናው እንዲህ ያለውን ዕቅድ ነው፤ ድርጊቱን ከጊዜና ከቦታ ጋር ያሰረ ሰው «አደርገዋለሁ» ብቻ ካለው ይልቅ ይፈጽመዋል።

በመጨረሻ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ እወጣለሁ። ቤት ከገባሁ በኋላ አዲስ ሐሳብ ከመጣ በሩ አጠገብ ባስቀመጥኳት ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጽፌ እመለሳለሁ። የቢሮውን የቴሌግራም ግሩፕ ድምፁን አጥፍቼዋለሁ። ከአለቃዬ ጋርም ተነጋግረን፣ በእርግጥ አስቸኳይ ከሆነ ሊደውሉልኝ ተስማምተናል። እስካሁን የደወሉት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ደብተር የማይፈታውም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት ከቀን 8፣ ከሳምንት 48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድበዋል። ዝርዝራችሁ በየቀኑ ከዚህ የሚተርፍ ከሆነ ችግሩ ሐሳባችሁ ሳይሆን የሥራው ብዛት ነውና ደብተሩን ይዛችሁ አለቃችሁ ዘንድ ግቡ። «በዝቶብኛል» ከማለት ይልቅ «ይኸውላችሁ፣ የትኛው ይቅደም?» ማለት የተሻለ መልስ ያስገኛል።

እኔስ ተለወጥኩ? ሰኔ አሁንም ሰኔ ነው፤ ደብተሩን የምረሳበት ቀንም አለ። ልጄ ያቺን ግጥም አንብቢልኝ ብላት ለሳምንታት እምቢ ካለች በኋላ አንድ ቅዳሜ ቡና ላይ አነበበችልኝ። አምናኛለች ማለት ግን አይደለም። አሁን ወሬዋን እንደጨረሰች «እስቲ ምን አልኩሽ?» ብላ ትፈትነኛለች። ብዙውን ጊዜ አልፋለሁ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።