ሳይሄዱ የሄዱ

«ትምህርትሽን ስትጨርሺ ወደ አገርሽ ትመለሻለሽ?» ይላታል ከመስተዋቱ ጀርባ የተቀመጠው ሰው። «አዎን ጌታዬ፣ ተመልሼ አገሬን አገለግላለሁ» ትላለች እኅታችን። ከአጥሩ ውጭ ነጠላዋን ተከናንባ የምትጠብቃት እናቷ ግን «ልጄ፣ እግርሽ አንዴ ከወጣ እንዳትመለሺ» ስትላት ነው ያደረችው።

እንግዲህ ነገሩን በስሙ እንጥራው። በየመኝታ ክፍላችን ሌት ተቀን የሚወራለት «የውጭ ትምህርት» ለስንቶቻችን ትምህርት ነው? ለስንቶቻችንስ ካባ የለበሰ ስደት ነው?

የአሜሪካን የኢሚግሬሽን ሕግ የተማሪ ቪዛ የሚጠይቀውን ሰው፣ ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ፣ ሊቀር እንደሚመጣ አድርጎ ይገምተዋል። «መቅረት እፈልጋለሁ» ብሎ እውነቱን የተናገረ እንግዲህ በሩን በገዛ እጁ ዘጋ ማለት ነው። ካናዳ ደግሞ ገንዘብህን አሳየኝ ትላለች፤ ከትምህርት ክፍያና ከጉዞ ሌላ፣ ለአንድ ተማሪ መኖሪያ የምትጠይቀውን 10,000 የካናዳ ዶላር እ.ኤ.አ. በ2024 መግቢያ ወደ 20,635 አሳደገችው። አባት በሬውን ቢሸጥ ይህን ይሞላል? ከዘመድ አዝማድ ተለቃቅሞ፣ ባንክ ውስጥ ጥቂት ሳምንት ተኝቶ፣ ደብዳቤ ከተጻፈለት በኋላ ወደየባለቤቱ የሚመለሰውን ገንዘብ የማናውቅ አለን?

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች ዮሴፍና ቤንጃሚን እንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው ተመለሱ፤ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ፋሽስቶች ገደሏቸው። ይህን የምናነሣው በሟች ስም ለመገሠጽ አይደለም። ያኔም ሆነ ከነፃነት በኋላ ተምሮ ለሚመለስ ሰው ወንበር ይጠብቀው ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ወጣቱ በየጎዳናው ሲረሸን ግን ውጭ የነበረው እዚያው ቀረ፣ እዚህ የነበረው በሱዳን በረሃ ወጣ። መቅረት ልማድ የሆነው ከስስት ይልቅ በፍርሃት ነው። የኛም ትውልድ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የሰሜኑን ጦርነት አይቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ያስተማረን ሰው ደመወዝ በዓይናችን ፊት ሟሟ።

ስለዚህ «አገር ወዳድ ከሆናችሁ አትሂዱ» የሚሉንን አንሰማም፤ በተለይ ልጆቻቸውን አስቀድመው የላኩትን! «ያልተገላበጠ ያራል» ይላል ያገራችን ሰው፤ መገላበጥ ነውር አይደለም።

ጥፋታችን ሌላ ነው። ጥፋታችን ሳንሄድ መሄዳችን ነው።

በአሜሪካን ለዓመታት ሲሠራበት የኖረው ደንብ የተመረቀ የውጭ ተማሪ 12 ወር እንዲሠራ ይፈቅድና፣ ለሳይንስ፣ ለምሕንድስናና ለሒሳብ ምሩቃን 24 ወር ይጨምራል። እኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ይህችን ቁጥር ከአድዋ ዘመቻ ቀናት ይበልጥ በቃላችን ይዘናታል! አንድ ጓደኛችን ለመመረቂያ ጽሑፉ ከወሎ ሽማግሌዎች ስለ 1965ና 1966 ዓ.ም. ረሃብ ቃል ሰብስቦ ነበር። ሁለት ክረምት በእግሩ ዞሮ ነው ያመጣው። ታዲያ «በታሪክ ማን ይቀበልሃል?» አልነው። አዎን፣ እኛው ነን ያልነው። ሥራውን ጣለ፤ ኮምፒዩተር መማር ጀመረ፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ከዚህም ከዚያም ቀጣጥሎ አስረከበ። በዚህ ዓመት ዐቢይ ጾም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዐረፉ። ድምፃቸው ስልኩ ውስጥ አለ፤ ወደ ጽሑፍ የገለበጠው ግን የለም።

ቶሮንቶ ገብቶ እኒያን ሽማግሌ ማን ያገኛቸዋል? የተረፉትን ነገ አንድ የውጭ ተመራማሪ መጥቶ ይጠይቃቸዋል፤ መጽሐፍም ይወጣዋል፤ እኛም አገሩ ድረስ ሄደን፣ ከፍለን እንማረዋለን። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኸው ነው።

የምንለው አጭር ነው። መሄድ የፈለገ ይሂድ። ግን ለቆንስሉ ባይሆን እንኳ ለኛና ለራሱ «ልኖር ነው የምሄደው» ይበል፤ ትምህርትን መሸፈኛ አያድርጋት። እስኪሄድ ድረስ ደግሞ እዚህ ይኑር፤ የጀመረውን ይጨርስ፣ የሰበሰበውን ያስረክብ። ዓመቱን ሙሉ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ የሚማር ሰው እዚህም አልተማረ፣ እዚያም አልደረሰ።

ይህን ስንጽፍ ንጹሐን ነን አላልንም። ይህን ጽሑፍ ካዘጋጀነው ከሦስታችን የሁለታችን ፓስፖርት ትራስ ሥር ነው። ቢሆንም ከዛሬ ማታ ጀምሮ የጓደኛችንን ቅጂ ተካፍለን ልንገለብጥ ተስማምተናል። በሙሉ የዘጠኝ ሰዓት ቃል ነው፤ ለሦስት ሰው ይበዛል። የወሎን አነጋገር የሚሰማ ጆሮ፣ የሚጽፍም እጅ ያለው ይምጣ። ቪዛ የያዘም ቢሆን ይምጣ።