ብርሃን ያየ ሰው ቁናውን ይሞላል
ወገኖቼ፣ ጠባዩ የተበላሸ ሰው መንፈሳዊ ብርሃን ያገኛልን? በለዓም ራእይ አይቷል፤ ከያዕቆብ የሚወጣውንም ኮከብ ከሩቅ ተመልክቷል (ዘኍልቍ 24)። ልቡ ግን በገንዘብ ተያዘ (2ኛ ጴጥሮስ 2፥15)። የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስም ጻድቅ አልነበረም፤ ጌታ ኢየሱስ ግን ጠባዩን እስኪያሳምር ሳይጠብቅ ቤቱ ገባ። ልዩነቱ የታየው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዘኬዎስ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቆመ (ሉቃስ 19)።

ስለዚህ በውርጌሳ ገበያ ማሽላ ሲሰፍር ቁና የሚያጎድል ሰው ሌሊት ቢጸልይ፣ ቢተነብይም አልገረምም። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ሲነጋ ቁናውን ሞላ ወይ? ጸጋ ኃጢአተኛውን እንዳለ ይቀበለዋል፤ እንዳለ ግን አይተወውም። ወዳጄ፣ አንተስ ዛሬ የምትመልሰው የማን ነው?