የሲምሰን ቤተሰብ እንጀራ በላ፤ ታዲያስ?

በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ሻይ ቤቶች ጓደኞቻችን ስለ አንድ የአሜሪካ ካርቱን ሲከራከሩ ሰንብተዋል። ተከታታዩ ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታየው «ዘ ሲምሰንስ» ሲሆን፣ ክፍሉ በኅዳር 2004 ዓ.ም. የወጣው «ዘ ፉድ ዋይፍ» ነው። ሥራው አርጅቷል እየተባለ በሚታማበት ዘመን ይህን የመሰለ ክፍል ማውጣቱ ያስመሰግነዋል። እናትየዋ ማርጅ ከልጆቿ ከባርትና ከሊሳ ጋር ሳታስበው ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ሰፈር ትደርሳለች። በእጃቸው እንጀራ እየቆረሱ ይበላሉ፤ ይጣፍጣቸዋል፤ ሦስቱም ስለ ምግብ መጻፍ ይጀምራሉ። የቀረው ታሪክ የማርጅ ቅናት ነው። ልጆቹን ሁልጊዜ የሚያስደስታቸው አባታቸው ሆመር ስለ ነበረ፣ አሁን ያገኘችውን ደስታ ለእርሱ ማካፈል ያቅታታል።

«የረኃብ ስማችን ተፋቀ!» የሚሉ አሉ። ደስታቸው ይገባኛል። በኅዳር 1990 ዓ.ም. «ሳውዝ ፓርክ» የተባለው ሌላው ካርቱን፣ የእጅ ሰዓት ለሚጠብቁ ሕፃናት በስሕተት አንድ የተራበ ኢትዮጵያዊ ልጅ ሲላክላቸው አሳይቶ ነበር። ስሙንም ረኃብተኛው ማርቪን አሉት። ከ1977ቱ እልቂት በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት አልፎ እንኳ መታወቂያችን ያው ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወደ መሶቡ መድረሳችን ለውጥ ነው እንበል። ነገር ግን ለውጡን ያመጣው የካርቱን ጸሐፊዎች ደግነት ብቻ አይምሰለን። በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ምግብ ቤት ከፍተው፣ በ1994 ዓ.ም. ከተማው ሰፈሩን «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ እንዲሰይመው ያበቁት ስደተኞች ወገኖቻችን ናቸው። ደግሞስ በዚህ በተወደደው ክፍል ኢትዮጵያዊው ማን ነው? አስተናጋጅ ነው፤ ምግቡን አቅርቦ ዞር ይላል። (ሽሮው ግን በትክክል ተሥሏል የሚሉ አሉ፤ በዚህ አልከራከርም።)

የሚያሳስበኝ «ስማችን ይፋቅ» የሚለው ስሜት ነው። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ የተሸሸገው በአገር ክብር ስም አልነበረምን? ሽሽጉን ከገለጡት መካከል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ይገኙበታል። እነርሱ የረኃቡን ፎቶግራፍ ለሕዝብ ሲያሳዩ፣ የውጭ ሰው ምን ይለናል ብለው አልተሽኮረመሙም። እኛ የእነርሱ ተከታዮች ነን የምንል ከሆነ፣ አንድ የባዕድ ቀልድ ስላሳፈረን ብቻ በድርቅ ስለሚቸገረው ቦረና ማውራት ሊከብደን አይገባም።

«ሳውዝ ፓርክ» ባለጌ ነው፤ ይሁን እንጂ ቀልዱ የሚነክሰው ጠግቦ የሚያየውን አሜሪካዊ ነው። ለእርዳታ የተላከውን ምግብ ራሷ የምታጋብሰውን ሴት ያየ ሰው ይህን አይስተውም። «ዘ ፉድ ዋይፍ» ደግሞ ያማረ፣ የሚያስቅ፣ ማንንም የማይነክስ ሥራ ነው። የተማሪዎች ማኅበር ሁለቱን በአንድ ምሽት አሳይቶ ክርክር ቢከፍት፣ እኔ ከባለጌው ጎን ቆሜ ለመከራከር ስሜን አስመዘግባለሁ።