የውኃው ቁጥር ለጠጪው ይነገር

ጨረር በተባለ ቁጥር ሁላችንም ጣታችንን የምንቀስረው ወደ ቦምብና እ.ኤ.አ. በ1986 ወደ ፈነዳው የቼርኖቢል ጣቢያ ነው። ያስኬዳል፤ ኃያላን መንግሥታት ቦምባቸውን በአየር ላይ እየሞከሩ ሲዚየም 137ን ማንንም ሳያስፈቅዱ በየገበሬው ማሳ ላይ በትነዋልና። ሆኖም የተፈጥሮውን ጨረር «የእግዜር ነው፣ አይጎዳም» ብሎ ማለፍ ስሕተት መሆኑን የዲሲ ውኃ ያስረዳናል።

ዲሲ በደቡብ ዮርዳኖስ በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ለብዙ ሺህ ዓመታት ታቁሮ የኖረ ውኃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት የ37 ጉድጓዶችን ውኃ መርምሮ፣ ራዲየም 226 እና 228 ከዓለም አቀፍ የመጠጥ ውኃ መለኪያ እጅግ በልጠው መገኘታቸውን ገለጠ። ቦምብም ፋብሪካም የለበትም። በድንጋዩ ውስጥ ያሉት ዩራኒየምና ቶሪየም እየፈረሱ ራዲየም ይወልዳሉ፤ ሸክላ ቢኖር ይዞ ባስቀረው ነበር፤ አሸዋው ግን ለውኃው ይለቀዋል። ይህ ውኃ ከ2013 ጀምሮ 325 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አማን ይገባል። ባለሥልጣኖቹ ከሌላ ውኃ ጋር መደባለቅን መርጠዋል። መፍትሔውን አንነቅፍም። ነገር ግን ከቧንቧ የሚወጣው ውኃ በየጊዜው ካልተለካና ውጤቱ ለሕዝብ ካልተገለጠ መደባለቁን በምን እናምናለን?

«ቁጥር ቢነገረው ሕዝቡ ይሸበራል» የሚሉ አሉ። ሕዝቡን የሚያሸብረው የተደበቀ ቁጥር ነው!

ጉዳዩ መለካት ብቻም አይደለም፤ ምን እንደሚለካ ማወቅም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለራዲየም 226 በሊትር 1 ቤክሬል ሲመክር፣ ለራዲየም 228 ግን 0.1 ብቻ ነው። ታዲያ 228 የሚረጨው ደካማ ቤታ ስለሆነ፣ ጠቅላላ አልፋን ብቻ ለክቶ «ውኃው ንጹሕ ነው» የሚል ባለሙያ ዋናውን ነገር ሳያየው ያልፋል። በአፈር በኩል ሥራው ይቀላል፤ ናሙናውን አሽጎ አንድ ወር ያህል ማቆየትና በጀርማኒየም መሣሪያ መቁጠር ነው። የሲዚየሙ መስመር በ662፣ የተፈጥሮው ፖታሲየም 40 በ1461 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ለየብቻ ይታያሉ፤ የሰውና የተፈጥሮ ሥራ በአንድ ወረቀት ላይ ይለያያል።

በአገራችንም የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ አለ። በውስጡ ራዲየም በዝቷል አላልንም፤ ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ከፍሎራይዱ ጋር ይህም ይለካ ነው የምንለው። ኬሚስትሪና ፊዚክስ የምታጠኑ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያልመረጣችሁ ወገኖች አስቡበት። ናሙና ስትቀዱ ናይትሪክ አሲድ ጠብ ማድረግ አይረሳ፤ አለዚያ ራዲየሙ ከጠርሙሱ ግድግዳ ተጣብቆ ይቀርና ውኃው ያለ ሥራው ንጹሕ ይባላል።